ሶኒ ይሻላል ካኖን ለምትሉኝ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ፎቶ አንሺ ሱቄ መጣች። ሰርግና የተማሪ ምርቃት ትሠራለች። እስከዛሬ የሠራችው በተዋሰችው ካሜራ ነው። አሁን ዕቁብ ወጥቶላት የራሷን ልትገዛ ነው። ሁለት ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ለይታ መቁረጥ አቅቷታል። አንዱ ያገለገለ ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ነው። ሌላው አዲስ ካኖን አር8። ዩቲዩብ ላይ ያላየችው ማነጻጸሪያ የለም። ባየች ቁጥር ይብሱን ግራ ይገባታል።

«ጋሼ፣ የቱን ልግዛ?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ራሷ ቀጠለች። «ለማንኛውም ዋናው ካሜራው ነው። ሌላው ቀስ እያለ ይሟላል።»

ከዚህ በኋላ ስለ ሶኒም ስለ ካኖንም ማሰብ አቃተኝ። ሻይ ጋበዝኳትና ሌላ ቀን ተመለሺ አልኳት። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። ያንኑ ጥያቄ ይዛችሁ ለምትመጡት ለሌሎቻችሁም ይሁን። ካሜራው ጋ እስክደርስ ግን ታገሱኝ፤ መጀመሪያ ስለ አንድ ፎቶ ቤት ላውራ።

ሥራውን የለመድኩት በደርግ ጊዜ፣ እዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በነበረ ፎቶ ቤት ነው። ባለቤቱን አባባ እንላቸው ነበር። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ወለል መጥረግ ነው። ቀጥሎ ውሃ መቅዳት። ፎቶ ማጠብ ብዙ ውሃ ይፈጃል፤ ቧንቧው ደግሞ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ካሜራ ያስነኩኝ በጣም ዘግይተው ነው።

የቤቱ ዋና ካሜራ ዘኒት ነበር፤ የሶቪየት ሥራ። ዛሬ ወጣቶች የዚያን ካሜራ ሌንስ፣ ሄሊዮስን፣ ከየትም ፈልገው በአዳፕተር ሚረርለስ ላይ ይገጥሙታል። «ጋሼ፣ ከኋላ ያለው ቅጠል ሲሽከረከር አየኸው?» ይሉኛል። እኛ ያኔ ያ መሽከርከር እንዳይታይ ነበር ሰውን ከመጋረጃ ፊት የምናቆመው።

ግድግዳው ላይ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ቀይ ከረባት ተሰቅለው ነበር። የቤቱ ንብረት ናቸው። ከአዘዞ የሚመጣው ወታደርም፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣው ልጅም ያንኑ ኮት ይለብሳል። ሰፊ ለሆነበት ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ እንይዝለታለን። ጎንደር ውስጥ በዚያ ዘመን የተነሳ ጉርድ ፎቶ ቤታችሁ ካለ ከረባቱን እዩት። ያ ከረባት ሊሆን ይችላል። ቀይ መሆኑን ግን ፎቶው አይነግራችሁም።

አባባ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ነበሩ። ኔጋቲቩ፣ ፎቶው የሚታተምበት ፊልም፣ ተቆርጦ በወረቀት ፖስታ ይገባል። ፖስታው ላይ ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩም ከነስሙ ትልቅ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ለደንበኛው ቁጥሩ ያለበት ቁራጭ ወረቀት ይሰጠዋል። «ይቺን ወረቀት እንዳትጥላት። መቼም ብትመጣ አወጣልሃለሁ» ይሉታል። ለሁሉም ይሉታል፤ ለተቸኮለውም፣ ለማይሰማቸውም።

ከዚያ ከለር መጣ። ሰው ጥቁርና ነጭን ናቀ። መጀመሪያ ፊልሙ አዲስ አበባ እየተላከ ይታጠብ ነበር፤ በኋላ ማሽኑ ራሱ እዚህ ገባ። የአባባ ጨለማ ክፍል ሥራ ፈታ። ዓይናቸውም ደከመ። ቤቱን ሊዘጉ ሲወስኑ ጠሩኝ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ፔንታክስ ኬ1000 ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር ተቀምጧል። ወለሉ ላይ የኔጋቲቩ ሳጥኖች ከነመዝገባቸው ተደርድረዋል። «ካሜራውን ከፈለግህ ዋጋው ይህ ነው» አሉ። «ሳጥኖቹን ግን በነጻ ውሰዳቸው። ብቻ ደረቅ ቦታ ይፈልጋሉ። የኋላዋን ክፍል ተከራይና እዚያው ይቀመጡ።» ያለኝ ብር ለአንዱ ነው የሚበቃው፤ ወይ ለካሜራው፣ ወይ ለክፍሏ ኪራይ።

«ካሜራው ዋናው ነው፤ ለሳጥኖቹ ቀስ ብዬ ቦታ እፈልጋለሁ» አልኳቸው። አባባ አልተከራከሩኝም። ቢከራከሩኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ፔንታክሱ ጥሩ ካሜራ ነው፤ አልዋሽም። ባትሪ የሚፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ባትሪው ቢሞትም እሱ ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ያመረቱት ወደው አይደለም። ብዙ ሰርግ ሠርቼበታለሁ። ልጆቼን አሳድጌበታለሁ ማለትም ይቻላል። ከዚያ ዲጂታል መጣና ቁም ሳጥን ገባ።

ሳጥኖቹ አንድ ግቢ ውስጥ ወዳለ መጋዘን ሄዱ። ቆርቆሮው ያፈስሳል። የጎንደርን ክረምት ታውቁታላችሁ። ኔጋቲቭ ላይ ምስሉን የያዘው ጄላቲን ነው። ጄላቲን ሲርስ ያብጣል፤ ሲደርቅ ካጠገቡ ካለው ጋር ይጣበቃል። ላላቅቅ ስትሉ ምስሉ ይላጣል።

ዓመታት ካለፉ በኋላ አንዲት ሴት አፈላልጋ መጣች። ወንድሟ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ እኛ ጋ ጉርድ ፎቶ ተነስቶ ነበር። አልተመለሰም። ቤት የነበረችው ፎቶም ጠፍታለች። ቁራጯን ወረቀት ግን በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛታለች። ፎቶ ቤቱ ተዘግቷል፣ ሳጥኖቹም እኔ ጋ የሉም አልኳት።

«ቁጥሩ እኮ አለኝ» አለችኝ።

ነገሩን ላስረዳት ሞከርኩ። አልሰማችኝም። «ይኸው፣ ቁጥሩ እኮ አለኝ።»

መጋዘኑ ድረስ አብረን ሄድን። ፖስታዎቹ እንደ ዳቦ አንድ ላይ ተጋግረዋል። መዝገቡ ግን ከላይ ስለነበር ተርፏል። ገለጥነው። የወንድሟ ስም አለ። ቀኑ አለ። ከጎኑ በአባባ እጅ «2 ጉርድ፣ ተከፍሏል» ይላል። ገጹን በጥንቃቄ ቀድጄ ሰጠኋት። ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።

ወደ ካሜራው ልመለስ።

ሁለቱም ፉል ፍሬም ናቸው፤ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰራቸው የድሮውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል ይሰፋል። ሁለቱም 24.2 ሜጋፒክስል ናቸው። ፎቶ 400 ፐርሰንት አጉልተው «የዚህ ጥላ ይሻላል» የሚሉትን ተዉአቸው። አልበም ገልጣ «ይቺ በሶኒ ነው የተነሳችው» ያለች ሙሽራ እስካሁን አልገጠመችኝም።

ሶኒው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ካኖኑ በ2023። ልዩነቱ ይታያል። የአር8 ፎከስ የሰው ዓይን አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ቪዲዮው 4ኬ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ባለ 10 ቢት ነው፤ ቢቱ ሲበዛ የቀለሙ ደረጃ ይበዛል። ሶኒው በ4ኬ 30 ፍሬምና 8 ቢት ላይ ይቆማል። የአር8 ስክሪን ወደ ጎን ተከፍቶ ይዞራል፤ የሶኒው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው የሚታጠፈው። ክብደቱም አር8 461 ግራም፣ ሶኒው 650 ግራም ነው። ዝርዝሩን ብቻ ላነበበ ሰው ካኖኑ አሸንፏል።

ነገር ግን አር8 ያለው አንድ የካርድ ማስገቢያ ነው። ሶኒው ሁለት አለው። አንዱን ፎቶ በሁለቱም ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ ይጽፋል፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው አለ። ይህን ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ራሳችሁ ነው የምታዙት። ሁለተኛውን ማስገቢያ ባዶውን ይዞ የሚዞር ፎቶ አንሺ አውቃለሁ። ስጠይቀው «ካርድ ውድ ነው» ይለኛል። ተክሊል ላይ ካርዱ ሲበላሽበት ካህናቱን «አባቶቼ፣ ድገሙልኝ» ሊል ነው መሰለኝ።

ባትሪው ሌላ ነው። በአምራቾቹ መለኪያ ሶኒው በአንድ ባትሪ 710 ያህል ፎቶ ያነሳል፤ አር8 290 ያህል። በተግባር ከዚያ በላይ ይሄዳሉ፤ ልዩነቱ ግን አይጠፋም። ጥምቀትን አስቡት። ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ትጀምራላችሁ። ሌሊቱን እዚያው ታድራላችሁ። ጥር 11 ጠዋት ውሃው ተባርኮ ልጆቹ ዘለው ሲገቡ ነው ዋናው ፎቶ ያለው። ያኔ ባትሪያችሁ ሊያልቅ ነው። የጥር ሌሊት ብርድ ራሱ ባትሪ ይበላል። መብራት ደግሞ... ተዉት። አር8 የሚገዛ ሰው ሦስት አራት ባትሪ አብሮ ይግዛ።

ሶኒው የእጅን መንቀጥቀጥ ሴንሰሩ ላይ ያርማል። አር8 ይህ የለውም፤ ሌንሱ ካላረመለት ቀረ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ፍላሽ አይፈቀድም፤ ክፍሉም ጨለም ያለ ነው። በሶኒው የጣሪያውን መላእክት ለማንሳት ሹተሩ፣ ማለት የብርሃኑ በር፣ ቀስ ብሎ እንዲዘጋ አድርጋችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ መሥራት ትችላላችሁ። መላእክቱ አይንቀሳቀሱም። ሊቃውንቱ ሲያሸበሽቡ ግን ይህ ነገር ምንም አይፈይድላችሁም። የሚንቀሳቀሱት እነሱ እንጂ እጃችሁ አይደለም። እዚያ የሚያድናችሁ እስከ 1.8 የሚከፈት፣ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ነው። እሱን ሳይገዙ ውድ ካሜራ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ልጆች በየሰርጉ አያለሁ።

ሌንስ ላይ ሁለት ሐሳብ አለኝ፤ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። አንደኛው፣ ጎረቤታችሁ የያዘውን ግዙ የሚል ነው። የማውቃቸው ፎቶ አንሺዎች አብዛኞቹ የድሮ ካኖን ሌንስ አላቸው። በአዳፕተር አር8 ላይ ይሠራል፤ ፎከሱም አይታወክም። ሰርግ መሀል ሌንስ ቢወድቅባችሁ የሚያውሳችሁ አታጡም። ሁለተኛው፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ያልያዘውን ካሜራ ይዤ ኖሬ ምንም አልሆንኩም። የሚዋሰኝ ስለሌለ ዕቃዬ ሁሌም ቤቴ ነው። ለሶኒ ሲግማና ታምሮን ብዙ ሌንስ ይሠራሉ፤ ዋጋቸውም ከሶኒ ከራሱ ይቀላል። ለካኖን አር ፉል ፍሬም ግን ኦቶፎከስ ያለው የእነሱ ሌንስ እንደ ልብ አይገኝም።

የዘንድሮ ልጆች ከእኛ ይልቅ ፎቶ ታውቃላችሁ። ይህን ሳልሳሳ እናገራለሁ። እኛ ደንበኛውን «ትንፋሽህን ዋጥ» ስንል ነው የኖርነው፤ እናንተ እየሳቀ ታነሱታላችሁ። ማስቀመጥ ግን አትችሉበትም። ፎቶውን በቴሌግራም ለሙሽሮቹ ትልካላችሁ። እንደ ፋይል ካልተላከ ደግሞ ቴሌግራም ጨምቆ አሳንሶ ነው የሚያደርሰው። ከዚያ ላፕቶፑ ሲሞላ ያምናውን ሰርግ ታጠፋላችሁ። ቲክቶክ ላይ የለጠፋችሁት ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ እንኳ የለም። አንዱን ልጅ የካቻምና ከተራ ፎቶ ብጠይቀው «ሚሞሪው ሞልቶ አጠፋሁት» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ። እኔ አልሳቅኩም፤ መውቀስ ግን አፈርኩ።

ለመጣችው ልጅ ሶኒውን ነው የምመርጥላት። ያገለገለ ዕቃ አትግዙ እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይሁን። እሷ በነገረችኝ ዋጋ ሶኒውን ብትገዛ ብር ይተርፋታል። በሚተርፈው ሁለት ጥሩ ካርድና ሁለት ሃርድ ዲስክ ትግዛ። አንዱ ዲስክ ቤቷ ይሁን፣ ሌላው እናቷ ቤት። የሰርጉ ቀንና የሙሽሮቹ ስም ፎልደሩ ላይ ይጻፍ። ሌንሱን መጀመሪያ ላይ በ50 ሚሊ ሜትር 1.8 ትጀምር።

የወንድሜን ልጅ ግን አር8 ግዛ ብዬዋለሁ። እሱ ሰርግ አይሠራም። ከቱሪስት ጋር ከደባርቅ ተነስቶ ሰሜን ተራራ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ለሚሄድ ሰው 200 ግራም ገደማ ቀላል አይደለም። ካርዱ ቢበላሽበትም ጭላዳው እዚያው ነው፤ ተመልሶ ይሄዳል።

ያገለገለ ስትገዙ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ አረጋግጡ። የዚህ ሶኒ ሹተር እስከ 200,000 የተፈተነ ነው፤ ወደዚያ የተጠጋውን ተዉት። የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 16 አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱና አጉልታችሁ እዩ፤ የሴንሰሩ ቆሻሻና ጭረት ያኔ ይወጣል። በሌንሱ ውስጥ የስልክ መብራት አብሩበት። ቀጫጭን ክር የሚመስል ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ በቅናሽም እንዳትወስዱት። ቪዲዮ ክፈቱና ሻይ እስክትጠጡ ይቅረጽ። ሻጩ ከተነጫነጨ ሌላ ሻጭ አለ።

አንቺ ደግሞ፣ ቅዳሜ ሻጩ ጋ አብሬሽ እሄዳለሁ። ሁለት ካርድ ይዘሽ ነይ። ሁለተኛው ማስገቢያ መጻፉን ሳላይ አንድ ብር እንዳትከፍዪ።