ያቺ አንዲት መስመር

ውድ እትዬ፣

አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። አሁን ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ።

የምኖረው አሜሪካ ነው። የምሠራው ከተማው በሚያስተዳድረው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው። የሥራ መጠሪያዬ ኤግዚኪዩቲቭ ኮኦርዲኔተር ይባላል። ሲጠሩት ትልቅ ይመስላል። የዳይሬክተሩን ካላንደር እይዛለሁ፣ የአውሮፕላን ትኬቱን እቆርጣለሁ፣ ለለጋሾች የምስጋና ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ የቦርዱን ስብሰባ አዘጋጃለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሰባት ዓመቴ ነው።

ያሁኑ ዳይሬክተር ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ወሰን የለውም። ቅዳሜ ማታ ኢሜይል ይልካል። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ስልኬ ይንቀጠቀጣል። የእራት ግብዣ ሲኖር ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ የማወጣው እኔ ነኝ። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ለውዝ እንደማይበላ ሁሉ አውቃለሁ። ኤግዚቢሽን ሲከፈት ከኩሬተሮቹ (ስብስቡን ከሚይዙት ባለሙያዎች) እስከ መብራት ሠራተኞቹ ሁሉም በስም ይመሰገናሉ። የኔ ስም አይነሣም። ባለፈው መክፈቻ ላይ አንዲት የቦርድ አባል ካፖርታቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ተቀብዬ ሰቀልኩላቸው። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐበሻ በመሆኔ ደግሞ የሚጨመርብኝ አለ። በቅርቡ አንድ ሀብታም ሰው አንድ የኢትዮጵያ ብራና ለሙዚየሙ ሊሰጡ ተነሡ። ወዲያው ኩሬተሯ ፎቶውን ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። «ይሄ ምን ይላል?» ልጅ ሳለሁ ጎንደር የኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሜያለሁና አነበብኩላት። መጨረሻው ገጽ ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን» ይላል። ከሱ በላይ ያሉት ሁለት መስመሮች ተፍቀዋል። ምሳዬን ሳልበላ አንድ ሰዓት ሙሉ ተረጎምኩላት። ለአስተርጓሚ የሚከፍሉትን ለኔም ቢያስቡልኝ ምን ነበረበት? አመሰግናለሁ ብላኝ ሄደች፤ በቃ።

ቃለ ጉባኤውም እንደዚሁ ነው። ሦስት ጊዜ አስተካክዬ እልካለሁ፣ ሦስት ጊዜ በቀይ ተሞልቶ ይመለሳል። ባለፈው ወር አንድ የቦርድ አባል ስለዚያ ብራና «ከኢትዮጵያ ሲወጣ የተሰጠ ወረቀት አለው ወይ?» ብለው ጠይቀው፣ ዳይሬክተሩ «የለውም» ብሎ መልሶ ነበር። ያችን መስመር «አታስፈልግም፣ አውጪያት» አለኝ። አወጣኋት። ከዚያ ደግሞ ፊደሉ ትንሽ ነው ብሎ እንደገና መለሰልኝ! ማስተርስ የተማርኩት ለዚህ ነው እንዴ?

ባለቤቴ ልቀቂ ይለኛል። የአክስቴ ልጅ በምትሠራበት ሆስፒታል የቀጠሮ ክፍል ኃላፊ ቦታ ተከፍቷል። ደመወዙ ትንሽ ይሻላል፣ ቅዳሜና እሑድም ነፃ ነው። የቤት ዕዳ አለብን፣ ሁለት ልጆች አሉን። እንዲህ ተናድጄ ብለቅ ግን የተሸነፍኩ ይመስለኛል። ሰሞኑን ደግሞ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ድካም ይሆናል። ልልቀቅ ወይስ ልታገሥ?

የደከማት፣ ከአሜሪካ

*

እህቴ፣

ድካም አይደለም።

ስለ ካፖርቱ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ እሑዱ ስልክ በደንብ አድርገሽ ጻፍሽልኝ። በሁሉም እውነትሽን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ካፖርት ሲሰጡሽ መስቀያው ያለበትን በትሕትና አሳዪያቸው። የትርጉሙንም ሥራ ያስከፍሉሽ። ግን በሩጫ ያለፍሽው ነገር አለ። «አውጪያት አለኝ። አወጣኋት።» እንቅልፍሽን የወሰደው እሱ ነው።

በአፍሽ ያነበብሽውን እስቲ መልሰሽ አስቢው። «ዘሰረቆ» የሰረቀው። «ወዘፈሐቆ» የፋቀው። ጸሐፊዎቹ ሌባውንና ፋቂውን በአንድ ውግዘት ያሰሯቸው አብረው ስለሚሄዱ ነው። ከዚህ ውግዘት አጠገብ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ይህ መጽሐፍ የእገሌ ደብር ነው» የሚለው ቃል ነው። እርግጥ ብራና በሽያጭም በስጦታም እጅ ይለዋውጣል። የድሮውን ስም ፍቆ የራሱን ያጻፈ ባለቤትም አለ። ያንቺው ግን ተፍቆ ባዶ ቀርቷል፤ ወረቀትም የለውም። አንድ ሰው መጀመሪያ ብራናውን ፋቀ። ሁለተኛው ፍቀት እናንተ ቢሮ ተደረገ፤ የዚህኛውን ምላጭ የያዝሽው አንቺ ነሽ። ይህን ስጽፍልሽ ከብዶኝ ነው። ግን ሌላ ሰው ሳይነግርሽ ከእኔ ስሚው።

የጠየቁት የቦርድ አባል በዚያ ክፍል ውስጥ ዋናውን ጥያቄ ነው የጠየቁት። በኢትዮጵያ ሕግ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ማየት ነው። ብዙ የአሜሪካ ሙዚየሞችም ስለ ቅርስ ሕገ ወጥ ዝውውር የተደረገውን እ.ኤ.አ. የ1970ውን የዩኔስኮ ስምምነት መለኪያ አድርገው፣ ዕቃው ከአገሩ መቼና እንዴት እንደወጣ ይጠይቃሉ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያው ዋሽንግተን፣ ከአንድ ሰብሳቢ በስጦታ የደረሰውን የብራና መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መልሷል። ይህ የሆነው የመጽሐፉ ባለቤት ማን እንደሆነ ማሳየት ስለተቻለ ነው። ማሳያው ከጠፋ የሚመለስ ነገር የለም።

ሥራሽን የናቁት እነሱ ብቻ አይደሉም፤ አንቺም ንቀሽዋል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከአንድ ገዳም የመጡ አባት «መጽሐፋችን እንዴት እዚህ ገባ?» ብለው ቢጠይቁ የሚገለጠው ያንቺ ቃለ ጉባኤ ነው። ስምሽ በመክፈቻ ላይ ተጠራም አልተጠራም፣ የዚያ ቤት ትዝታ በእጅሽ ነው። እኔ ከካፖርቱ ይልቅ በዚህ ብታለቅሺ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን የምትችይውን ልንገርሽ። ቃለ ጉባኤ የዳይሬክተሩ ሳይሆን የቦርዱ ነው። ረቂቁ የሚጸድቀው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው፤ እስከዚያ ይታረማል። ስለዚህ ለቦርዱ ጸሐፊ አጭር ደብዳቤ ጻፊ፣ ዳይሬክተሩንም ግልባጭ አድርጊው። «በረቂቁ ላይ ስለ ብራናው የቀረበው ጥያቄና የተሰጠው መልስ አልተካተተም። እንዲመለስ እጠይቃለሁ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ማንንም አትክሰሺ። ፎቶውን ወደ ግል ስልክሽ አትላኪ፣ ፌስቡክ ላይም አትለጥፊ። በስብሰባው ላይ በእጅሽ የያዝሽውን ማስታወሻ ግን እንዳትጥዪው። ሙዚየሙ የከተማው ስለሆነ፣ በብዙ ስቴቶች የእንዲህ ያለ ቦርድ ቃለ ጉባኤ የሕዝብ ሰነድ ነው። ከመላክሽ በፊት አንድ የሥራ ጉዳይ ጠበቃ አማክሪ። ዕዳ ያለባት እናት ነሽ፤ ባዶ እጅሽን ግቢ አልልሽም። ዳይሬክተሩ ሊያኮርፍሽ ይችላል፣ ከዚያም ሊብስ ይችላል። ይህን እያወቅሁም ጻፊ እልሻለሁ።

ሆስፒታሉን ጠየቅሽኝ። ሂጂ። እሑድሽን መልሰሽ አግኚ፣ ከልጆችሽ ጋር ቁርስ ብዪ። መልቀቅ መሸነፍ ነው ያለሽ ማነው? ግን መስመሯን ሳትመልሺ አትውጪ። አለዚያ እዚያ ቀጠሮ ስትይዢም እንቅልፍ አይኖርሽም።

አንድ ነገር ደግሞ ለኩሬተሯ ንገሪያት። የተፋቁት ሁለት መስመሮች ብዙ ጊዜ ምን የሚጻፍባቸው ቦታዎች እንደሆኑ ላታውቅ ትችላለች። የተፋቀ ጽሑፍ አንዳንዴ በልዩ መብራት ይነበባል፤ ባለሙያ ያሳዩት። ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ያለው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራናዎች ቅጂ አለው። ይህ መጽሐፍ ሳይፋቅ ያን ጊዜ ተነሥቶ ከሆነ የደብሩ ስም እዚያ አለ።