ሶኬቱን አስቀድማችሁ እዩ፦ ስለ ትንንሽ ሰርቨሮች ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ኮዱን ማንም ማየት ስለሚችለው የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፣ እንዲሁም ቤት ውስጥ ተቀምጠው ለሌሎች መሣሪያዎች ፋይልና ገጽ ስለሚያቀርቡ ትንንሽ ሰርቨሮች ጥያቄ ያለው ይላክልኝ ብዬ ነበር። ላካችሁ፤ ያውም አብዝታችሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ። አብዛኞቹ የሚጀምሩት «ሶፍትዌሩ ተበላሸብኝ» በሚል ነው። የእኔ ልማድ ግን ከታች መነሣት ነው፦ መጀመሪያ ሶኬቱ፣ ቀጥሎ ቻርጀሩ፣ ከዚያ ዲስኩና ሰዓቱ። ሶፍትዌሩ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ራስበሪ ፓይ 4 በምትባለው መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ላይ ኔክስትክላውድ የተባለውን የፋይል ማስቀመጫ ፕሮግራም ጭኜ የቤተሰብ ፎቶዎች አስቀምጥበታለሁ። በሳምንት አንድ ሁለቴ በራሱ ጠፍቶ ይነሣል። ሁለት ጊዜ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት፤ ለውጥ የለውም።

መልስ፦ ሦስተኛ ጊዜ አትጫነው። የተበላሸ ሶፍትዌር ብዙውን ጊዜ ያማርራል፤ የሠራውን በሚጽፍበት መዝገብ (ሎግ) ውስጥ የስሕተት መልእክት ትቶ ነው የሚወድቀው። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ድርግም የሚል ማሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪክ አንሶት ነው። ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልትና 3 አምፔር ነው። ቻርጀሩ ላይ ይኸው ቢጻፍም፣ ኬብሉ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ኃይሉ መንገድ ላይ ይባክናል። ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ሲወርድ ማሽኑ ራሱ ያውቀዋል፤ በኬርኔሉ (በሥርዓቱ እምብርት) መዝገብ ላይ «አንደር ቮልቴጅ» (ቮልቴጅ አነሰ) የሚል መስመር ይጽፋል። መዝገብ ማገላበጥ ከሰለቸህ ማታ ክፍሉን አጨልምና ብዙ ፎቶ በአንድ ጊዜ ጫንበት፤ ዓይንህን ከቀይዋ መብራት አትንቀል። ደህና ከሆነ ሳትርገበገብ ትበራለች። ቮልቴጁ በወረደ ቁጥር ግን ጠፋ ትልና ተመልሳ ትበራለች። እኔም አንድ ጊዜ ሁለት ቅዳሜና እሑድ ዳታቤዙን (መረጃው ተደርድሮ የሚቀመጥበትን) ስወቅስ ከርሜ፣ ጥፋተኛው ከመሳቢያ ያወጣሁት የስልክ ኬብል ሆኖ ተገኝቷል።

ኃይሉን ከዩኤስቢ የሚወስድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሰክተህበት ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ አራቱ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች በጋራ የሚሰጡት 1.2 አምፔር ብቻ ነው። ወደ ፓይ 5 ብትሸጋገር ደግሞ የድሮውን ቻርጀር ይዘህ አትሂድ፤ የእሱ ፍላጎት 5 አምፔር ነው። በየጊዜው ድንገት መጥፋት ሜሞሪ ካርድ ይገድላል። ፎቶዎቹ ያሉት ካርዱ ላይ ብቻ ከሆነ ማንበብህን አቁምና አሁኑኑ ሌላ ቦታ ገልብጣቸው።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። ኢንተርኔታችን አስተማማኝ ስላልሆነ ዊኪፔዲያን ኪዊክስ በተባለው ያለ ኢንተርኔት ማንበቢያ ፕሮግራም አማካይነት ለተማሪዎች ማቅረብ እንፈልጋለን። አንድ ድርጅት ያገለገለ የመደርደሪያ ሰርቨር በነጻ ሊሰጠን ነው። እንውሰድ?

መልስ፦ ሰርቨሩ ነጻ ነው፤ ቀለቡ ግን ነጻ አይደለም። እንዲህ ያለው ጠፍጣፋ ሰርቨር 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ትንንሽ ማራገቢያዎች ነው የሚቀዘቅዘው። ትንሽ ማራገቢያ በቂ አየር የሚገፋው በጣም ፈጥኖ ሲሽከረከር ነው፤ ስለዚህ ያፏጫል። ለብቻው ክፍል ከሌላችሁ ማንበቢያ አዳራሹ ውስጥ ማንም አያነብም። ሥራ ፈትቶ እንኳ 100 ዋት ቢበላ በዓመት 876 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ 10 ዋት የሚበላ ሚኒ ኮምፒውተር ግን 88 ገደማ።

በእኔ ግምት ያገለገለ የቢሮ ሚኒ ኮምፒውተር ይበቃችኋል፤ እንደ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ ያለው። መጠኑ ከአንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አይበልጥም። 8 ጊጋባይት ሜሞሪና 500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ይኑረው። ኪዊክስ የተጨመቀ ፋይል ከፍቶ ገጽ ማቅረብ ብቻ ስለሆነ ሥራው ማሽኑን አያደክመውም። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከነሥዕሎቹ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፤ የአማርኛው ግን በአንዲት ትንሽ ፍላሽ ላይ ይገባል። ሰው የሚረሳት አንዲት ነገር አለች፦ ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ገብታችሁ፣ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሣ አስተካክሉት። አለበለዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ቁልፉን የሚጫን ሰው ሲፈለግ ይዋላል።

ጥያቄ፦ እኅትዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። የማኅበራችንን ሰነዶች ከዊንዶውስ ኮምፒውተር ወደ ሊኑክስ ሰርቨር ስንገለብጥ የእንግሊዝኛ ስም ያላቸው ሁሉ ያልፋሉ፤ ከአማርኛዎቹ አንዳንዶቹ ግን «የፋይሉ ስም ረጅም ነው» ተብለው ይመለሳሉ። ሊኑክስ አማርኛ አይወድም ማለት ነው?

መልስ፦ ይወዳል፤ አቆጣጠሩ ነው የተለየው። ዊንዶውስ የፋይል ስምን በፊደል ይቆጥራል፤ እስከ 255 ይፈቅዳል። ሊኑክስም 255 ይላል፣ የሚቆጥረው ግን ባይት፣ ማለትም ፊደሉ የሚይዘውን ቦታ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ ፊደል ሦስት ይወስዳል። ስለዚህ በአማርኛ ያለዎት ቦታ 85 ፊደል ብቻ ነው።

ከላኩልኝ ስሞች አንዱን ልቁጠርልዎት፦ «የ2016 ዓ.ም. አራተኛው ሩብ ዓመት የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ መደበኛ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የመጨረሻ»። ፊደሎቹ 42 ናቸው፤ በሦስት ሲባዙ 126። ቁጥሮቹ፣ ነጥቦቹና ክፍት ቦታዎቹ 18። ድምሩ 144 ባይት ነው። ታዲያ ከ255 በታች ሆኖ ሳለ ለምን ተመለሰ? ፎልደሩ ኢክሪፕትኤፍኤስ በተባለ መመስጠሪያ የተቆለፈ ነው ብለውኛል። እሱ ስሙንም ጭምር ስለሚመሰጥር የሚፈቅደው 143 ባይት ብቻ ነው። የእርስዎ ፋይል፣ ገና ቅጥያው (መጨረሻው ላይ ከነጥብ በኋላ የሚመጣው የፋይሉ ዓይነት) ሳይጨመር፣ በአንዲት ባይት ነው የወደቀው!

መፍትሔው ሁለት ነው። ዘላቂው፣ ፎልደሩን ከመቆለፍ ይልቅ ዲስኩን በሙሉ ሉክስ በተባለው የሊኑክስ መመስጠሪያ መቆለፍ፤ ያን ጊዜ 255ቱ ይመለስልዎታል። ቀላሉ፣ ዓመቱንና ኮሚቴውን ፎልደር ማድረግና ስሙን ማሳጠር። «የመጨረሻ» የሚለውን ቃል ደግሞ ከፋይል ስም ላይ ቢያነሡት እመክራለሁ፤ ተከታዩ ሁልጊዜ «የመጨረሻ 2» ነው።

ጥያቄ፦ ድረ ገጻችንን ወደ ሌላ ሰርቨር አዛወርነው፤ አማርኛው ሁሉ ተበላሸ።

መልስ፦ እንዴት ነው የተበላሸው? በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ከታየ የጠፋው ፎንት ብቻ ነው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኑ። በላቲን ፊደላት ድርድር ከተተካና በየቦታው ጭረት የተደረገባት ትንሿ «ኤ» ከተመላለሰች፣ ጽሑፉ ደህና ነው፤ በተሳሳተ ኮድ እየተነበበ ነው። የግዕዝ ፊደላት በዩቲኤፍ 8 (የዓለምን ፊደላት በባይት በሚጽፈው ኮድ) ሲጻፉ የመጀመሪያዋ ባይታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነች ነው ያቺ ፊደል የምትደጋገመው። ሳታስተካክሉ ምንም አታስቀምጡበት። ዳታቤዙ ውስጥ ራሱ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ካገኛችሁ ግን አዝናለሁ፤ ፊደሉ ሲጻፍ ጠፍቷል፤ የሚመለሰው ከድሮው ቅጂ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሰርቨሩ የባትሪ ድንጋዩ ሞቶ ሰዓቱ ጠፍቶ ነበር። አስተካክዬዋለሁ፤ ግን በስልኬ ላይ የሚወጣውን ባለ ስድስት አኃዝ የማረጋገጫ ቁጥር አልቀበልም ይላል።

መልስ፦ ሰዓቱን ስንት ብለህ ሞላኸው? ጠይቄህ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ስለነበር 3:00» ብለኸኛል። ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩ በእኛ አቆጣጠር አይሄድም፤ ለእሱ 9:00 ነበር። ያ ቁጥር ከሰዓቱ እየተሰላ በየ30 ሴኮንዱ የሚለዋወጥ ነው፤ አንተ ደግሞ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርተሃል። የጊዜ ቀጠናውን አዲስ አበባ አድርገውና ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ፍቀድለት። ድንጋዩንም ቀይረው፤ ሲአር 2032 ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ኔክስትክላውድን ከ26ኛው ሥሪት ወደ 29ኛው በአንድ ጊዜ ማሳደግ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። 27፣ 28፣ 29 እያላችሁ በየተራ፤ ከእያንዳንዱ በፊት የዳታቤዙን ቅጂ እየያዛችሁ።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ውስጥ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው የምንኖረው፤ ሕፃን አለን። ኢንቴል ኤን 100 ፕሮሰሰር ያለበት ሚኒ ኮምፒውተር ገዛን። ቀን ድምፁ አይሰማም፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን ማራገቢያው ይጮኻል።

መልስ፦ እዚህ ላይ ሶኬቱን ነጻ አድርጌዋለሁ፤ ጥፋተኛው ሶፍትዌሩ ነው። ያ ሰዓት ለኮምፒውተሩ 2:00 ነው፤ ፎቶ የሚለዩና ቅጂ የሚያወጡ ፕሮግራሞች ሰው ይተኛል ብለው ሥራቸውን የሚጀምሩበት። የጊዜ ሰሌዳውን ወደ ቀን አዙሩት። ሃርድ ዲስክም ካለበት ከእንጨት መደርደሪያው ላይ አንሡትና ስፖንጅ ላይ አስቀምጡት፤ እንጨት እንደ ከበሮ ያጎላዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ በምን ይሠራሉ?

መልስ፦ ስክሪኑ በተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ። ዴቢያን የተባለውን ሊኑክስ ጭኜበታለሁ፤ ባትሪው አርባ ደቂቃ ያህል ስለሚይዝ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) አልገዛሁም። ባትሪው እንዳያብጥ ግን በየጊዜው እዳብሰዋለሁ። ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ በሙቀት ራሱን አጠፋ። ማራገቢያውን ፈትቼ ጠረግኩ፣ መዝገቡን አገላበጥኩ፣ ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ስገባ የጎረቤት ድመት አየር ማስወጫው ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች።