ካንዴላ ቀይረህ ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ እጅህ የገባበትን እይ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ያሪስ 1.5፣ አራቱንም ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚያስነሳውን) ራስህ ግቢ ውስጥ ቀይረህ ከዛ በኋላ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ ቆሞ ሲሰራ) መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዳገት ላይ ጉልበት አጣ፣ ቼክ ኢንጂን በራ፣ ጋራዥ ስትወስደው ደግሞ ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨው) ይታጠብ የነዳጅ ፓምፑም ይታይ አሉህ። እኔ የምልህ ለጊዜው ብርህ ኪስህ ይቆይ። ትናንት ደህና የነበረ ኢንጀክተር ካንዴላ ስለተቀየረ ዛሬ አይታመምም። ከፍታው ነው ያለህ ጓደኛህም፣ እርግጥ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት አየሩም ስስ ነው ጉልበት ይቀንሳል፣ ግን ባለፈው ሳምንትም እዚሁ ከተማ ነበር የምትነዳው አይደል?

በኔ የደረሰውን ልንገርህ። ቪትዝ አለችኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ካንዴላ ቀየርኩላት ልስልስ ብላ ተነሳች፣ እኔም ደስ ብሎኝ ላቫጆ ወስጄ ሞተሩን ጭምር አሳጠብኳት። እሁድ ከፒያሳ በቸርችል ቁልቁል ወርጄ ለገሃር ጋ ስቆም መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ስመለስ ቸርችልን ሽቅብ እያቃሰተች ነው የወጣችው፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ደግሞ ጥሩምባውን አይለቅም። በቃ ካንዴላው ፌክ ነው ብዬ ሰኞ ሶማሌ ተራ ድረስ ሄጄ የሸጠልኝን ልጅ ተጣላሁት፣ ሌላ አራት ገዝቼ ተመለስኩ። ልቀይር 3ኛውን ኮይል (ካንዴላው ላይ የሚቀመጠውን፣ እሳት የሚሰጠውን) ሳወጣው የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ተኝቷል! ለካ ቅዳሜ የኮይሉን 10 ቁጥር ቡሎን በእጄ ብቻ አዙሬ ረስቼዋለሁ፣ የኮይሉ ጎማ በደንብ አልተቀመጠም፣ ውሃው በዛ ገባ፣ እሳቱ ካንዴላው ጫፍ ሳይደርስ በውሃው በኩል ወደ ቴስታታው (ካንዴላው የሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ብረት) ያመልጣል። በጨርቅ መጥጬ፣ በኮምፕሬሰር ነፍቼ፣ ኮይሉን ፀሐይ ላይ አድርቄ አሮጌዎቹን፣ ማለቴ የቅዳሜዎቹን መለስኳቸው፣ ጸጥ አለች። ልጁን ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ሳቀብኝ፣ ሰኞ የገዛኋቸውን ካንዴላዎች ግን መልሶ አልተቀበለኝም ሃሃ።

ስለዚህ አንተም አሳጥበህ ከሆነ ከዛ ጀምር። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ሳይሆን ዘይት ካገኘህ ደግሞ የቫልቭ ሽፋኑ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ያሉት ክብ ጎማዎች ደርቀዋል ማለት ነው፣ እሱ ሌላ ስራ ነው።

ካላሳጠብክ የኮይል ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ተጫናቸው፣ ቀጭ የሚል ድምጽ መስማት አለብህ። የነዚህ መኪኖች ሶኬት በሙቀት ብዛት ፕላስቲኩ ይደርቅና ስትነቅለው መያዣዋ ትሰበራለች፣ የገባ ይመስላል ግን ሚኒሞ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይላቀቃል። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን ሳጥን አንስቼ ነበር ብለሃል፣ እሱ ላይ ያለችውን የአየር ሴንሰር ሶኬትና ከቫልቭ ሽፋን የምትመጣውን ወፍራም ቱቦ መልሰሃል ወይ? ብዙ ሰው የሚረሳው ይቺን ቱቦ ነው። በዛ በኩል ሴንሰሩ ያልቆጠረው አየር ይገባና ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይዛባል፣ ነዳጅ ስትሰጠው ትንሽ ይሻለዋል።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አስነብብ፣ ማንበቢያዋ ያለው ጓደኛ አይጠፋም። ፒ0302 ካለህ 2ኛው ሲሊንደር (ነዳጁ የሚቃጠልበት ክፍል) እሳት እየሳተ ነው። ሞተሩን አጥፍተህ የ2ኛውንና የ3ኛውን ኮይል አቀያይር፣ ኮዱን አጥፋና ንዳው። ፒ0303 ሆኖ ከመጣ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፣ እዛው 2 ላይ ከቀረ ካንዴላዎቹን በዛው መንገድ አቀያይር። ማንበቢያ ካጣህ፣ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የአንዱን ኮይል ሶኬት ንቀልና አስነሳ፣ ድምጹ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ድሮም አልሰራም ማለት ነው። በየተራ ሞክር።

ካንዴላው ራሱ ደግሞ ሲገባ ወድቆብህ ነበር? እውነቱን ንገረኝ። ከወደቀ ጫፉ ይጠጋል፣ ለዚህ ሞተር ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው መሆን ያለበት። ነጩ ሸክላም የካንዴላ ቁልፉን አጋድለህ ከያዝከው ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትወጣበታለች፣ በብርሃን ካልሆነ አትታይም፣ እንደዛ ከሆነ መጣል ነው። ላልቶም ሊሆን ይችላል፣ ትስ ትስ የሚል ድምጽ ከሰማህ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር) እያመለጠ ነው። አዲስ ካንዴላ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ በእጅ አዙረህ እስኪቀመጥ ከዛ በቁልፍ ግማሽ ዙር ገደማ ይበቃዋል፣ በጉልበት ከሄድክ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው ጥርሱ ይበላል፣ የዛን ጊዜ ነው እውነተኛ ወጪ የምታየው።

አንድ ነገር ብቻ፣ ቼክ ኢንጂኑ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ችግሩን እስክታገኘው ድረስ ብዙ አትንዳት፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱን (ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ማጣሪያ) ይጨርሰዋል። ኮይል ነው ከተባለም የሞተውን አንዱን ግዛ፣ አራቱንም ቀይር ቢሉህ እንዳትሰማ። ኮዱ ስንት እንዳለ ጻፍልኝ።