ጎረቤቴ አያምንም፣ እኔ ግን ቀናሁበት

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ጎረቤቴ ፈጣሪ የለም ባይ ነው። ውሃ ሲጠፋ ግን ለአራተኛ ፎቋ እማማ ጀሪካን ተሸክሞ የሚያወጣላቸው እሱ ነው። ከቤተክርስቲያን አልቀርም፣ ግን ቀናሁበት። ጤነኛ ነኝ?

መልስ፦ ጤነኛማ ነሽ እህቴ። የቀናሽው በክህደቱ አይመስለኝም፤ ገነት እገባለሁ ብሎ እንደማይሸከም ስለገባሽ ነው፣ እኛ እኮ ለነዳይ ሳንቲም ስንሰጥ እንኳ ሂሳብ እንይዛለን። «አላውቅም» ማለትም አይከብደውም። ልጇ ለሞተባት እናት «ለበጎ ነው» አይልም። ይሄ ለአማኝም ያምራል። በነገራችን ላይ በ2ኛው ክፍለ ዘመን በሮማውያን ዘንድ አማልክታችንን አታመልኩም ተብለው አምላክ የለሽ የተባሉት ክርስቲያኖች ራሳቸው ነበሩ፤ ሰማዕቱ ዮስጢኖስም በእነዚያ አማልክት ከሆነማ አዎ ነን ሲል ጽፏል። ሰውየውን ቡና ጥሪውና ራሱን ጠይቂው። ብቻ ልለውጠው ብለሽ እንዳትጀምሪ።