መልስ፦ የሜታል ጊታር ለምን ሹል ሆነ?

ሰላም ወንድሜ። ከደብረ ማርቆስ «ሜታል የሚባለውን ከባድ ሮክ የሚጫወቱት ሰዎች ያንን ሹል ጊታር የሚይዙት ለድምፁ ነው ወይስ ለመልኩ?» ብለህ ጠይቀሃል። በአብዛኛው ለመልኩ ነው። የሜታሉ ጉርምርምታ የሚመጣው በዋናነት ከፒካፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚቀይረው) እና ከአምፑ (ከድምፅ ማጉያው) ነው።

ደግሞ መነሻው ሜታል አይደለም። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ድርጅት ጊብሰን «ፍላይንግ ቪ» የተባለውን የቪ (V) ቅርጽ ያለው ጊታር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ያኔ ሜታል የሚባል ነገር አልነበረም። እንጨቱ ሊምባ ይባላል፣ የሚበቅለው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኛል! ገበያው ግን ፊት ነሳው፤ በዓመቱ ምርቱ ቆመ። ብሉዝ ተጫዋቹ አልበርት ኪንግ ግን አልተወውም። ቆይቶ የሮክ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ያዘው፣ ከዚያ ጁዳስ ፕሪስት የተባለው የሜታል ባንድ ጊታሪስት ኬ ኬ ዳውኒንግ።

እኔ የምወደው ግን የሜታል ጊታሪስቱን የራንዲ ሮድስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 መጨረሻ ጊታር ሠሪው ግሮቨር ጃክሰን ዘንድ ሄዶ አንዱ ክንፍ ረዥም፣ ሌላው አጭር የሆነ ጊታር አሠራ። ሮድስ እ.ኤ.አ. በ1982 በ25 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ጊታሩ ዛሬም በስሙ ይሠራል።

ባሕር ዳር ጓደኛዬ ቤት አንድ ቪ ሞክሬያለሁ። እንደ ወትሮው ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው ሸርተት አለ። መላው አንዱን ጭን በሁለቱ ክንፎች መሃል ማስገባት ነው። ያኔ አንገቱ ቀና ይላል፣ ግራ እጅህም እስከ መጨረሻዎቹ ፍሬቶች (አንገቱ ላይ እስካሉት የብረት መስመሮች) ያለ ችግር ይደርሳል። ማሲንቆን ከሩቅ በቅርጹ እንደምንለየው፣ ይሄም መድረክ ላይ ገና ሳይመታ ይታወቃል።