ቱርቦውን ከመቀየርዎ በፊት ቱቦዎቹን ይመልከቱ

ጠያቂያችን የ1978 ቡዊክ ሪጋል ስፖርት ኩፔ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መግዛታቸውን፣ ዳገት ላይ ቤንዚን ሲረግጡ ሞተሩ እያንኳኳ ጉልበት እንደሚያጣ፣ መብራት ላይ ቆመው ሲነሡም ሰማያዊ ጭስ እንደሚወጣ ገልጸው፣ ቱርቦውን (በሞተሩ ጭስ ኃይል እየዞረ አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን መሣሪያ) ይቀይሩ ወይስ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ያስገቡ እንደሆነ ጠይቀዋል። እዚህ አሜሪካ ይኸው ባለ 3.8 ሊትር ቪ6 ቱርቦ ያለበትን የ1979 ሪጋል ለዘጠኝ ዓመት ይዤ ስለነበር፣ ሁለቱንም ለጊዜው እንዲያቆዩት እመክራለሁ።

የዚህ ሞተር ጠባይ ሁሉ የሚመነጨው ካርቡሬተሩ (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ከቱርቦው በፊት ከመቀመጡ ነው፤ ቱርቦው የሚስበው ንጹሕ አየር ሳይሆን ከቤንዚን ጋር የተቀላቀለ አየር ነው። አሠራሩ ቡዊክ የጀመረው አይደለም። በ1962 የወጣው የሸቭሮሌ ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደር ስድስት ሲሊንደርም እንዲሁ የተሠራ ነበር፤ እርሱ እንዲያውም የግፊት መልቀቂያ ስላልነበረው ግፊቱን የሚገድበው በአብዛኛው የማርሚታው መጨናነቅ ነበር።

በጭሱ ልጀምር። እግርዎን ከቤንዚን መርገጫው ሲያነሡ የካርቡሬተሩ በር ስለሚዘጋ፣ ከበሩ በታች ያለው የቱርቦ ቤት በቫክዩም (ከውጭው አየር ባነሰ፣ በሚስብ ግፊት) ይሞላና ዘይት በዘንጉ ማኅተም በኩል ወደ ውስጥ ይሳባል። ስለዚህ የዚህ ቱርቦ ማኅተም የካርቦን መሆን አለበት። እኔ ቱርቦዬን ለማደስ የሰጠሁት ባለሙያ ለናፍጣ ሞተር የሚሆነውን የቀለበት ማኅተም ገጥሞ መለሰልኝ፤ ጭሱ ከቀድሞው ባሰ። ሆኖም ያረጁ የቫልቭ ዘንግ ጎማዎችም ተመሳሳይ ጭስ ያወጣሉ፤ የቱርቦው የዘይት መመለሻ ቧንቧ ከተደፈነም ደኅና ማኅተም ሳይቀር ያፈሳል። እነዚህ ሳይታዩ ቱርቦ አይፈታም።

ማንኳኳቱ የበለጠ ያሳስበኛል። ተራ ካርቡሬተር ሞተሩ ጉልበት ሲፈልግ ቤንዚን የሚጨምረው ከሥሩ ያለው ቫክዩም ሲቀንስ ነው። በዚህ ሞተር ግን ማኒፎልዱ (ድብልቁን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ውስጥ ግፊት እያለ እንኳ ቱርቦው ስለሚስብ ከካርቡሬተሩ ሥር ቫክዩም ሊቀር ይችላል፤ ካርቡሬተሩም ሞተሩ ያልተጨነቀ ይመስለዋል። ይህን ለማረም የማኒፎልዱን ግፊት በቱቦ የሚያነብና ለካርቡሬተሩ የሚያሳውቅ አንድ ትንሽ መቆጣጠሪያ ተጨምሮለታል። በእኔ መኪና ላይ የቀድሞው ባለቤት ይህን ቱቦ በማኒፎልዱ ፈንታ ከካርቡሬተሩ ሥር ቀጥሎት ነበር፤ ሞተሩ ግፊት ሲሠራ ቤንዚን እያነሰው ያንኳኳል፣ የማንኳኳት መስሚያውም (ማኒፎልዱ ላይ ያለው ሴንሰር) ይህን ሰምቶ የካንዴላውን እሳት ስለሚያዘገየው ጉልበቱ ይጠፋል። ሁለት ወር ቱርቦውን ስከስ ቆይቼ፣ የዳነው አንዲት ቱቦ ወደ ቦታዋ ስትመለስ ነው። የእርስዎ መኪና ምልክት ከዚህ ጋር በእጅጉ ስለሚመሳሰል፣ በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ያለውን የቫክዩም ሥዕል ይዘው ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ይከተሉ፤ የተሰነጠቀውንና የተደፈነውን ይቀይሩ።

መስሚያውን ራሱን ለመፈተን ሞተሩን ከስራ ፈት ፍጥነቱ ከፍ አድርገው፣ ከመስሚያው አጠገብ ማኒፎልዱን በትንሽ ብረት መታ መታ ያድርጉ፤ የሞተሩ ዙር ሊቀንስ ይገባል፣ ካልቀነሰ መስሚያው ወይም እሳቱን የሚያዘገየው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን አይሠራም ማለት ነው። እስኪስተካከል ድረስ በማደያው ያለውን ከፍተኛ ኦክቴን ቤንዚን ይጠቀሙ፣ ዳገት ላይም አይርገጡት፤ ፒስተን የሚሰበረው በዚህ ነው።

ለግራንድ ናሽናል (ከሪጋል ለተሠራው የኋለኛው የቡዊክ ቱርቦ መኪና) የተጻፈ ምክርም እንዳያሳስትዎ። የ1984ቱ ሞተር ካርቡሬተሩን ትቶ ቤንዚኑን በየሲሊንደሩ መግቢያ የሚረጭ ነው፤ ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ማቀዝቀዣ የተጨመረው በ1986 ሲሆን ጉልበቱም ከ200 ወደ 235 ፈረስ ከፍ ብሏል። ያንን ማቀዝቀዣ በእርስዎ ባለ ካርቡሬተር ሞተር ላይ ቢገጥሙት ግን በውስጡ የሚያልፈው ቤንዚን ጭምር ስለሆነ፣ ቤንዚኑ ከግድግዳው ላይ እየረጋ ይቀራል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ እሳት ቢተፋ ደግሞ አደጋው ከባድ ነው።

ቪ8 ማስገባቱ ይቻላል፣ ነገር ግን ባለ አራት ጉሮሮ ካርቡሬተር ሆኖ 165 ፈረስ የሚሰጠው የ1978ቱ ቱርቦ ሞተር እንደተገጠመ ሲገኝ ነው መኪናው ፈላጊ ያለው። ዘይቱን በየ3000 ማይሉ ይቀይሩ፤ የዚህ ቱርቦ ኩሽኔታ የሚቀዘቅዘው በዘይት ብቻ ስለሆነ፣ ከረጅም ጉዞ በኋላ ሞተሩን ከማጥፋትዎ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በስራ ፈት ያቆዩት። የቱቦዎቹን ፎቶግራፍ ከላኩልን የትኛው ያለ ቦታው እንደተቀጠለ አብረን እናያለን።