ላቭ ካናል፦ መርዝ ላይ የተሠራው ሰፈር (ጥያቄና መልስ)

ስለ ላቭ ካናል ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው የት ነው? ቦዩንስ ማን ቆፈረው?

አሜሪካ፣ ኒውዮርክ ግዛት፣ ናያጋራ ፎልስ ከተማ ውስጥ ነው። በ1890ዎቹ ዊልያም ላቭ የሚባል ባለሀብት የናያጋራን ወንዝ በቦይ ጠልፎ ኤሌክትሪክ ሊያመነጭና አዲስ ከተማ ሊመሠርት ተነሳ። የኢኮኖሚ ቀውስ መጣና ገንዘቡ ደረቀ። ኤሌክትሪክን ሩቅ ቦታ መላክ ሲቻል ደግሞ ፋብሪካን ወንዙ አጠገብ የመትከሉ ነገር ትርጉም አጣ። ጅምሩ ጉድጓድ ብቻ ቀረ።

ምን ተቀበረበት?

ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ከ1942 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ወደ 21,000 ቶን የኬሚካል ቆሻሻ ጣለበት። ክሎሮቤንዚን፣ የፀረ ተባይ ምርት ተረፈዎች፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ዳዮክሲን በሚባል እጅግ ኃይለኛ መርዝ የተበከለ ትራይክሎሮፌኖል። አብዛኛው በብረት በርሜል ነበር። በርሜል ደግሞ ይዝጋል።

ኩባንያው መሬቱን በ1 ዶላር ሸጠው ይባላል። ውሸት መስሎኝ ነበር።

እውነት ነው። በ1953 ለከተማዋ የትምህርት ቦርድ ነው የሸጠው። ውሉ ላይ ኬሚካል መቀበሩ ተጽፏል። ወደፊት ሰው ቢጎዳ ወይም ቢሞት ኩባንያው አይጠየቅም የሚል ሐረግም አለበት። ስለዚህ ቦርዱ አላወቅኩም ማለት አይችልም። ኩባንያውም ወረቀት ላይ ጽፎ እጁን ታጥቦ ሄደ።

ቦርዱ እዚያው ላይ ትምህርት ቤት ሠራ፤ በ1955 ተከፈተ። የተረፈውንም መሬት ሸጠው። ለእኔ ትልቁ ጥፋት እዚህ ጋ ነው። መርዙን የሸፈነው የሸክላ አፈር ተነካ፤ ለመንገድና ለፍሳሽ ቧንቧ ሲባል የቦዩ ግድግዳ ተቆረጠ። ቤት የገዙት ሰዎች ግን ያ የውል ሐረግ አልደረሳቸውም።

ታዲያ ለ20 ዓመት ዝም ብሎ በ1970ዎቹ እንዴት ፈነዳ?

ዝም አላለም። ሽታውም፣ ውጭ ሲጫወቱ ቆዳቸው የሚቃጠል ልጆችም ቀድሞ ነበሩ። ሰሚ ነው የጠፋው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በረዶና ዝናብ ሲበዛ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ አለ። ሸክላ ውሃ አያሳልፍም፤ ቦዩ እንደ መታጠቢያ ገንዳ ሞልቶ ገነፈለ። በርሜሎች ከመሬት ብቅ አሉ፤ የቤቶች ምድር ቤት ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ ገባ።

ሎይስ ጊብስ ምን አደረገች? ስሟ ሁልጊዜ ይነሳል።

የሰፈሩ እናት ነበረች። ልጇ እዚያ ትምህርት ቤት ገብቶ መታመም ሲጀምር በ1978 ፊርማ ለማሰባሰብ ቤት ለቤት ዞረች። በየቤቱ ያገኘችው የታመመ ሰው ነው።

ነሐሴ 1978 ግዛቱ ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ፣ ነፍሰ ጡሮችና ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዲወጡ መከረ። እስቲ አስቡት፣ የሦስት ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ ምን ይበል? ከቀናት በኋላ ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ፤ ለቦዩ የቀረቡት 239 ቤተሰቦች ቤታቸው ተገዛላቸው። ሌላው ባለበት ይቆይ ተባለ።

የቀሩት አልተኙም። ቤቨርሊ ፔገን የተባለች የካንሰር ተመራማሪ ከነዋሪዎቹ ጋር ሆና በሽታውን ካርታ ላይ አሰፈረች። ሕመሙ የተሰበሰበው ድሮ ውሃ ይወርድባቸው በነበሩ፣ በኋላ በተደፈኑ መስመሮች ላይ ነበር። ባለሥልጣናቱ ግን የቤት እመቤቶች መረጃ ነው ብለው ናቁት። ግንቦት 1980 ነዋሪዎቹ ሁለት የፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣናትን ለሰዓታት አግተው ያዙ። ማገት ልክ ነው አልልም። ግን በሁለት ቀን ውስጥ የቀሩትም እንዲወጡ መንገድ የከፈተው ሁለተኛው የካርተር አዋጅ ወጣ።

ሁሉም የቤት ባለቤት ነበር እንዴ? ተከራዮችስ?

ጥሩ ጥያቄ፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። በአቅራቢያው ግሪፈን ማነር የሚባል የመንግሥት ኪራይ ቤት ነበር። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ጥቁሮች ናቸው። የሚሸጥ ቤት ስላልነበራቸው ከቤት ግዥው ምንም አልደረሳቸውም፤ ለየብቻ መታገል ነበረባቸው።

ካንሰር ማምጣቱ ተረጋግጧል?

ጠንካራው ማስረጃ በወሊድ በኩል ነው፤ ክብደታቸው ዝቅ ብሎ የተወለዱ ሕፃናት በዝተው ታይተዋል። ካንሰር ላይ እንዲያ ግልጽ አይደለም። ሰፈሩ ትንሽ ነው፣ ሰዉም ተበትኗል። በ1980 የወጣው የነዋሪዎቹ የክሮሞሶም (በሕዋስ ውስጥ ያለ የዘር ተሸካሚ) ጥናት የሚነጻጸርበት ቡድን አልነበረውም ተብሎ ክፉኛ ተተችቷል። አልተረጋገጠም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

በመጨረሻ ማን ከፈለ?

መጀመሪያ መንግሥት። ታኅሣሥ 1980 ሱፐርፈንድ የተባለው ሕግ ወጣ። ቆሻሻው ሲጣል ሕጋዊ ቢሆንም እንኳ የጣለው ይክፈል የሚል ነው። ያቺ የውል ሐረግ ኩባንያውን አላዳነችውም። ሁከርን የገዛው ኦክሲደንታል በ1995 ለፌዴራል መንግሥት 129 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ።

መርዙ አሁን የት ነው?

እዚያው። አብዛኛው አልወጣም። ላዩ ተሸፍኗል፣ ዙሪያው ታጥሯል፤ የሚፈሰው ውሃ እየተሰበሰበ ይጣራል። በ2004 ከሱፐርፈንድ ቅድሚያ ዝርዝር፣ ማለትም ቀድመው መጽዳት ካለባቸው ቦታዎች ዝርዝር፣ ወጥቷል፤ ክትትሉ ግን ይቀጥላል።

ሰሜኑ ክፍል ታድሶ ሰው ይኖርበታል አሉ። በርካሽ ቢሰጡህ ትገባለህ?

አዎ፣ ብላክ ክሪክ ቪሌጅ ተብሎ ቤቶቹ ተሽጠዋል። እኔ ግን አልገባም። ቢያንስ የየዓመቱን የውሃ ምርመራ ውጤት ሳላይ፣ ማጣሪያው ቢቆም ማን እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ሳይሰጠኝ አልፈርምም።